የዮርክሻየር ዴልስ ድንጋያማ ኮረብታ፦ ውበቱ ከምን ተሠራ?

ጭጋግ ወዳጅ (ክር ጀማሪ)

ሰላም ለመድረኩ። በሰሜን እንግሊዝ ስላለው ስለ ዮርክሻየር ዴልስ በአማርኛ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ፎቶ ለጥፎ «ሲያምር!» ማለት ነው። ቦታው ከዚያ በላይ ይገባዋል። ሊድስና ብራድፎርድ ለምንኖር ሐበሾች በባቡር ከሁለት ሰዓት በታች ነው። ላዩ ላይ እህል የማይበቅልበት፣ ዛፍ የሚናፍቅበት፣ የምዕራቡ ነፋስ የማያርፍበት፣ ኮረብታው ከእግሩ እስከ ወገቡ በድንጋይ ካብ የተመተረ አገር ነው። የምወደውም ለዚህ ነው። የደቡብ እንግሊዝ ገጠር ሰውን ያባብላል፤ ይኼኛው ማንንም አያባብልም።

ለመነሻ አራት መስመር፣ በወል ቤት፦

ደመና ጎንብሶ ድንጋይ ሲያነጋግር
ካቡ ያለ ጭቃ ዘመናት ሲሻገር
በጉ ተራራውን ከእናቱ ሲማር
ማን ጠፍ ነው ይለዋል የድንጋዩን አገር

ድንጋዩን፣ ካቡን፣ በጉን ጠንቅቃችሁ የምታውቁ ካላችሁ እያንዳንዱን መስመር በዝርዝር አስረዱን። አገርን ሳያውቁ ማድነቅ ቶሎ ያልቃል።

—

የኖራ አለት

ከድንጋዩ ልጀምር፤ የቀረው ሁሉ ከእርሱ ይመጣል።

ከታች በጣም ያረጀ ጠቆር ያለ አለት አለ። በእርሱ ላይ ከ330 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ የተጋደመ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ተነጥፏል። ያኔ ይህ መሬት ከምድር ወገብ አጠገብ የነበረ ሞቃት፣ ጥልቀት የሌለው ባሕር ነበር፤ ድንጋዩ የዚያ ባሕር ዛጎል ድቃቂ ነው። ከኖራው በላይ ሸክላማ አለት፣ የአሸዋ ድንጋይና ቀጫጭን የኖራ ንብርብር እየተፈራረቁ ይወጣሉ፤ ከሁሉ በላይ ግሪትስቶን የሚባለው ሻካራ የአሸዋ ድንጋይ አለ። ኢንግልቦሮን (723 ሜትር) ከሩቅ ስታዩት ደረጃ ደረጃ የሆነው ለዚህ ነው። ጠንካራው ንብርብር ገደል ሆኖ ይቆማል፣ ለስላሳው ይሸረሸርና ተዳፋት ይሆናል፣ ግሪትስቶኑ ደግሞ አናቱን ጠፍጣፋ አድርጎ ይጠብቀዋል።

አሁን ውሃው። ዝናብ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስድና ደካማ አሲድ ይሆናል፤ ያ አሲድ ኖራን ያሟሟል። በበረዶ ዘመን ግግሩ በረዶ አፈሩን ጠርጎ ድንጋዩን ራቁቱን አስቀረው፤ ከዚያ ወዲህ ውሃው የተፈጥሮ ስንጥቆቹን እየተከተለ አሰፋቸው። ማልሃም ኮቭ አናት ላይ የምታዩት ንጣፍ እንዲህ የተሠራ ነው። ጠፍጣፋውን ገበታ «ክሊንት»፣ በመካከሉ ያለውን ጥልቅ ስንጥቅ «ግራይክ» ይሉታል። ግራይኩ ከጉልበት በላይ፣ አንዳንዴም ከሰው ቁመት በላይ ይጠልቃል። ማልሃም ኮቭ ራሱ ወደ 80 ሜትር ከፍታና ወደ 300 ሜትር ስፋት ያለው ጎባጣ ገደል ነው። በረዶው ሲቀልጥ ታላቅ ፏፏቴ ይወርድበት ነበር፤ ዛሬ ውሃው ሁሉ ወደ ድንጋዩ ሆድ ስለሚሰርግ ደረቅ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ግን፣ ከከባድ ማዕበል በኋላ፣ የምድር ውስጡ መንገድ ሞልቶ ውሃው እንደ ጥንቱ ከገደሉ አፍ ላይ ወርዷል።

ከማልሃም ታርን ሐይቅ የሚወጣው ጅረት ትንሽ ሄዶ ሜዳ ላይ መሬት ውስጥ ይገባል። ቆሞ የሚያይ ሰው ከኮቭ ግርጌ የሚፈልቀው ያው ውሃ ይመስለዋል፤ ቀለም እየጨመሩ ሲሞክሩት ግን በዋናነት ከማልሃም መንደር በታች፣ ኤር ሄድ የሚባል ምንጭ ላይ ብቅ አለ። በባሌ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ያየ ሰው ይህን አይነት ነገር አይገርመውም፤ እዚያም የወይብ ወንዝ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው መንገዱን የከፈተው።

አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ኖርበርን እመርጣለሁ። ከኦስትዊክ መንደር በላይ ጥቋቁር ግዙፍ ድንጋዮች በነጭ የኖራ እግር ላይ ቆመዋል። በረዶው ከጎረቤት ሸለቆ አንስቶ ያመጣቸው ናቸው፤ ስለዚህ በዕድሜ የሚበልጠው አለት ከሚያንሰው በላይ ተቀምጧል። በዙሪያው ያለውን ኖራ ዝናብ እያሟሟ ዝቅ ሲያደርገው፣ ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር ያለው ግን ተከልሎ ቀረ። የእግሩ ቁመት፣ አንዳንዱ ጋ እስከ 30 ሴንቲሜትር፣ ዝናብ ከበረዶው ማግስት ጀምሮ ስንት እንደበላ ያሳያል።

አደራ፣ ከንጣፉ ላይ ድንጋይ አታንሡ። ለአትክልት ቦታ ጌጥ ተብሎ ብዙ ተነቅሎ ስለጠፋ ከ1981 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው።

—

አስታ

ከላይ ላለው አንድ ልጨምር። ንጣፉን ከሩቅ ሲያዩት ምንም የማይበቅልበት ይመስላል፤ ጎንበስ ብላችሁ ግራይኩ ውስጥ ስታዩ ግን ረጅም ቅጠል ያለው ፈርንና የጫካ ጥላ የለመዱ አበቦች አሉ። ስንጥቁ ከነፋስም ከበግ አፍም ስለሚጋርዳቸው ነው። እርጥበቱም አይደርቅም።

ግሪትስቶኑ አናት ላይ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ውሃ አይሰርግበትም፤ አሲዳማ ጥቁር ፒት ይከማቻል። ፒት በውሃ ተዘፍቆ ሳይበሰብስ የቀረ የተክል ቅሪት ሲሆን በዓመት አንድ ሚሊሜትር ያህል ነው የሚያድገው፤ አንድ ሜትር ጉድጓድ የአንድ ሺህ ዓመት ክምችት ነው ማለት ነው። በነሐሴ ያን ጥቁር መሬት ሐምራዊ የሚያደርገው ሄዘር ከእኛ የሰሜንና የባሌ ተራሮች አስታ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው። አስታ ዛፍ ይሆናል፤ ሄዘር ከጉልበት እምብዛም አያልፍም። የቅጠላቸው ድቃቂነትና አበባቸው ግን ዝምድናቸውን ይናገራል።

—

ካብ ሠሪ

ሁለተኛዋን የግጥሙን መስመር ማስረዳት የእኔ ድርሻ ነው። ካቡን አብዛኛው ሰው አጥር ብቻ አድርጎ ያየዋል፤ እንዴት እንደቆመ ልዘርዝር።

የዴልስ ካብ አንድ ግድግዳ አይደለም፣ ሁለት ናቸው። ሁለት ፊቶች እየተጠጋጉ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ መካከላቸው በትናንሽ ድንጋይ ይሞላል። ታች ስፋቱ ከ65 እስከ 70 ሴንቲሜትር፣ ላይ ከ35 እስከ 40 ነው። ቁመቱ ከነክዳኑ 1.4 ሜትር አካባቢ። ይህን ለመሥራት ለአንድ ሜትር ርዝመት ከአንድ ቶን ተኩል እስከ ሁለት ቶን ድንጋይ ይፈልጋል። የፈረሰውን አንሥቶ መልሶ የሚክብ አንድ ሙያተኛ በቀን ከ2 እስከ 3 ሜትር ቢያደርስ ጥሩ ሠርቷል።

የፈረሰ ክፍል ሲጠገን በቅድሚያ የሚፈርሰው ጎኑ ያበጠው ሁሉ ነው፤ ያበጠውን ትቶ ክፍተቱን ብቻ መሙላት ለሚቀጥለው ክረምት ሌላ ክፍተት ማዘጋጀት ነው። ድንጋዩ ሲነሣ በወጉ ይለያል። የክዳኑ ድንጋዮች ሩቅ፣ የፊቶቹ ቀረብ ብለው ትልቁ ከትንሹ ተለይቶ፣ መሙያው እግር ሥር። በካቡና በክምሩ መካከል መራመጃ ካልተተወ ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ሲደናቀፍ ይውላል። ከዚያ እስከ መሠረቱ ይወረዳል። ሣርና ለስላሳ አፈር ተጠርጎ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ይቆፈርና ትልልቆቹ ይቀመጣሉ። በሁለቱም ጎን ገመድ ተወጥሮ በየረድፉ ከፍ ይላል።

ሕጎቹ ጥቂት ናቸው፣ ግን አንዱም አይታለፍም። እያንዳንዱ ድንጋይ ረጅም ጎኑን ወደ ካቡ ውስጥ ያስገባል፤ አምሮ እንዲታይ ብሎ ረጅሙን ጎን በፊቱ ላይ ያጋደመ ሰው ቆዳ ብቻ ሠርቷል፣ ቆይቶ ይላጣል። አንዱ በሁለት ላይ፣ ሁለቱ በአንድ ላይ ያርፋሉ። መጋጠሚያዎች በአንድ መስመር ከተከታተሉ ካቡ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። መሙያው በእጅ እየተሸጎጠ ይገባል እንጂ በአካፋ አይጣልም። በአካፋ የተጣለ ጠጠርና አፈር ዝናብ ሲያጥበው ይወርዳል፣ ታች ይጨናነቃል፣ ሆዱን ይገፋዋል። ሁለቱ ጎኖች እኩል ይወጣሉ። ከመሬት ከ50 እስከ 60 ሴንቲሜትር ሲደርስ ደግሞ በእንግሊዝኛ «ስሩ» የሚባለው ማሰሪያ ድንጋይ በየአንድ ሜትሩ ከጎን ወደ ጎን ይጋደማል። ሁለቱን ግድግዳዎች አንድ የሚያደርጋቸው እርሱ ነው። የኖራ ድንጋይ ረጅምና ጠፍጣፋ ሆኖ ስለማይሰነጠቅ በሪብልስዴል ሸለቆ ብዙ ካቦች ማሰሪያቸው ከሌላ ቦታ የመጣ ጠቆር ያለ ሰሌዳ ድንጋይ ነው። ነጭ ካብ ላይ ጥቁር ጥርስ ወጥቶ ካያችሁ ያ ነው። በመጨረሻ የክዳኑ ድንጋዮች በጠርዛቸው ቆመው ተጠጋግተው ይጫናሉ፤ ክብደታቸው የታቹን ሁሉ ያጠብቃል።

ታች በኩል በግ የምታልፍበት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይተዋል፤ ከላዩ ጠንካራ ድንጋይ ይጋደማል፣ ሳይፈለግ በሰሌዳ ድንጋይ ይዘጋል። ለውሃና ለጥንቸል የሚሆን ትንሽ ቀዳዳም አለ። ይህ ካልተተወ ተዳፋት ላይ የሚወርደው ውሃ ከካቡ ጀርባ ይጠራቀምና መሠረቱን ያላላዋል።

የምታዩት ቀጥ ያለው ካብ፣ ኮረብታውን ሽቅብ ሳያዛንፍ የሚወጣው፣ በአብዛኛው ከ1750 እስከ 1850 ባለው ጊዜ የጋራ ግጦሽ በሕግ ሲከፋፈል የተሠራ ነው። ጠማማውና መንደር ዙሪያ ያለው ከዚያ ይቀድማል። መማር ለሚፈልግ በ1968 የተመሠረተው የብሪታንያ የደረቅ ካብ ሠሪዎች ማኅበር ሥልጠናና በደረጃ የሚሰጥ የሙያ ፈተና አለው።

—

ማለዳ

ጋሼ ካብ ሠሪ፣ እጅዎ ይባረክ። ሁለት ጥያቄ፦ ሲሚንቶ ቢገባበት አይጠነክርም? የኮንሶ እርከን ካብስ ከዚህ ጋር አንድ ነው?

—

ካብ ሠሪ

እህቴ ማለዳ፣ ሲሚንቶ ይጎዳዋል። መሬቱ በክረምት ይበርዳል፣ ይቀልጣል፣ ይንቀሳቀሳል። ደረቅ ካብ አብሮ ይንቀሳቀስና መልሶ ይቀመጣል፤ በሲሚንቶ የተያዘው መንቀሳቀስ ስለማይችል ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ውስጥ የገባ ውሃ በረዶ ሲሆን ደግሞ ይሰፋና ድንጋዩን ይፈነቅለዋል። ነፋስም አለ፤ ደረቅ ካብ ነፋሱን አጣርቶ ስለሚያሳልፍ በግ ከኋላው ስትጠለል ያርፍባታል።

ኮንሶ ሙያው ዘመድ ነው፣ ሥራው ግን ይለያል። የኮንሶ እርከን አፈር የሚደግፍ ካብ ነው። ፊቱ አንድ ነው፣ ጀርባው አፈር፤ ክብደቱ ወደ ተራራው መደገፍ አለበት። የዴልሱ በሁለት ፊት ራሱን ችሎ ይቆማል። ውሃ ማሳለፉና ያለ ጭቃ መቆሙ ግን አንድ ያደርጋቸዋል፤ ኮንሶም በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኗል። ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ድንጋይ አነሣሡን አይቶ ይግባባል።

—

ሰፊው ሜዳ

ግጥሙ ደስ ይላል፣ ነገር ግን መጨረሻውን መስመር አልቀበልም። «ማን ጠፍ ነው ይለዋል» አልክ፤ እኔ እለዋለሁ። ኮረብታው ራቁቱን የሆነው በተፈጥሮው አይደለም። ከበረዶው በኋላ ደን ነበረው። ሰው መነጠረው፣ ከዚያ በግ እንዳይመለስ አደረገው። በመካከለኛው ዘመን የማልሃምን ከፍታ የያዙት በ1132 የተመሠረተው የፋውንቴንስ ገዳም መነኮሳት ነበሩ፤ ሀብታቸው ሱፍ ነበር። በግ የቡቃያውን ጫፍ ለቅሞ ይበላል፤ በየዓመቱ የተበላ ቡቃያ ዛፍ አይሆንም።

ማስረጃ የሚፈልግ ሪብልሄድ አጠገብ ያለውን የኮልት ፓርክ ደን ይመልከት። ያው የኖራ ንጣፍ ነው፤ ግን ግጦሽ ስለማይገባበት አሽ ዛፍ፣ ፈርንና አበባ ሞልቶበታል። አሁን ደግሞ የአሽ ዛፍ ማድረቂያ ፈንገስ እያጠቃው ነው። የጎደለውን ነገር ውበት ብለን ከጠራነው ማን ይመልሰዋል?

—

እረኛው

ሰፊው ሜዳ፣ ታሪኩን በትክክል ነው ያስቀመጥከው። ነገሩ «እንግዲያው በግ ሁሉ ይውጣ» ወደሚል ከሄደ ግን አልስማማም፤ ምክንያቱን ልጻፍ።

መጀመሪያ «ከእናቱ ሲማር» የሚለው። ከመጨረሻው ካብ በላይ ያለው ተራራ የጋራ ነው፤ አጥር የለውም። የተለያዩ ገበሬዎች መንጋ እዚያ ይሰማራል፣ ሆኖም እያንዳንዱ በራሱ ክልል ይቆያል። ይህን «ሄፍት» ይሉታል። ግልገሏ በመጀመሪያው በጋዋ ከእናቷ ጎን እየሄደች ውሃው የት እንዳለ፣ ከምዕራብ ነፋስ የሚጋርደው ጉብታ የቱ እንደሆነ፣ ድንበሩ የት እንደሚያበቃ ትማራለች፤ ስታድግ ለልጇ ታስተምራለች። ስለዚህ እርሻው ሲሸጥ መንጋው ብዙ ጊዜ ከመሬቱ ጋር ይቀራል። በ2001 የአፍና እግር በሽታ ወረርሽኝ መንጋ ሲታረድ የጠፋው ሥጋና ሱፍ ብቻ አልነበረም። የተተኩት በጎች ተራራውን ስለማያውቁት በእረኛና በጊዜያዊ አጥር እየተያዙ እንደ አዲስ መልመድ ነበረባቸው።

በጓ ስዌልዴል የምትባል ዝርያ ናት፦ ፊቷ ጥቁር፣ አፍንጫዋ ዙሪያ ነጭ፣ ሴቷም ወንዱም ቀንዳም። የዮርክሻየር ዴልስ ብሔራዊ ፓርክ ዓርማ ላይ ያለው አውራ በግ እርሱ ነው። እርግዝናዋ አምስት ወር ያህል ስለሆነ አውራው በኅዳር ይለቀቃል፣ ግልገሉ በሚያዝያ ይደርሳል፤ ሣሩ የሚነሣው ያኔ ነው። አስቀድሞ የተወለደ ግልገል በረዶና ደረቅ ጡት ይገጥመዋል።

አሁን ወደ ክርክሩ። ግጦሽ በአንድ ጊዜ ሲቆም የሚመጣው ደን ላይሆን ይችላል፤ ሻካራ ሣር ይወርስና አበባውን አፍኖ ያስቀረዋል። ለዚህ ነው በማልሃምና በኢንግልቦሮ ዙሪያ በግ ቀንሰው ቤልትድ ጋሎዌይን የመሰሉ ጠንካራ ከብቶች በጥቂቱ የሚያሰማሩት። ከብት በምላሱ ጠቅልሎ ሻካራውን ሣር ይበላል፣ በኮቴው አፈሩን ከፈት ያደርጋል፣ ዘርም ይገባበታል። በግ ግን ጣፋጩን እየመረጠች እስከ ሥሩ ትላጫለች።

ሸለቆው ውስጥ ያሉት የድርቆሽ ማሳዎች ደግሞ የግጦሽና የማጭድ ልጆች ናቸው። በላይኛው የስዌልዴል ሸለቆ፣ ሙከር መንደር አጠገብ፣ በሰኔ ብትሄዱ ታያላችሁ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በግንቦት መካከል ከብቱም በጉም ይወጣል፤ ማሳው ይዘጋል። እስከ ሐምሌ አጋማሽ አይታጨድም። ታጭዶ እየተገላበጠ ለጥቂት ቀናት ይደርቃል፤ ዘሩ የሚረግፈው ያኔ ነው። መኸር ላይ እንስሳ ተመልሶ የቀረውን ይግጣል። ማዳበሪያ ከተባለ በጸደይ ስስ ፍግ ብቻ። የፋብሪካ ማዳበሪያ ሲገባ ሣሩ ፈጥኖ ይረዝምና አበባውን ይሸፍነዋል። የሎ ራትል የምትባል ቢጫ አበባ አለች። ሥሯ የሣርን ሥር ይጠባል፣ ሣሩን ያደክማል፣ ለሌሎቹ ቦታ ትከፍታለች። የአንድ ዓመት ተክል ስለሆነች ዘሯን ሳትረግፍ ለሁለት ተከታታይ ዓመት ከታጨደች ትጠፋለች። ለሳይሌጅ (ሳይደርቅ ታፍኖ ለሚከማች መኖ) ተብሎ በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ የሚታጨድ ማሳ አበባ የሌለው ለዚህ ነው። ከ1930ዎቹ ወዲህ በእንግሊዝና ዌልስ 97 በመቶ ያህሉ የአበባ ሜዳ ጠፍቷል ይባላል።

በየማሳው ብቻውን የቆመው የድንጋይ ቤትም የዚሁ ሥራ አካል ነው። ድርቆሹ ከላይ ይከማች ነበር፣ አራት አምስት ከብት ታች ይከርም ነበር፣ ፍጉም እዚያው ማሳ ላይ ይበተን ነበር። ድርቆሽ ወደ መንደር፣ ፍግ ወደ ማሳ መሸከም ቀረ ማለት ነው።

—

ጭጋግ ወዳጅ

ሰፊው ሜዳ፣ ክርክርህ መስመሯን ያስለውጠኛል እንጂ ፍቅሩን አያስተወኝም። የተመነጠረ መሆኑን አውቄ እንኳ ካቡ በጭጋግ ውስጥ ሽቅብ ሲወጣ ሳየው ልቤ አብሮት ይወጣል። ዛፉም በግራይኩ ውስጥ ይመለስ፤ ካቡም ይጠገን። ሁለቱም ይቻላል።

አሁን ስለ ጉዞው የሚያውቅ ይጻፍልን።

—

ካርታ ያዥ

ጉዞው ሳይታቀድ አይጀመር። የኦርድናንስ ሰርቬይ 1፡25,000 ካርታ፣ ቁጥር ኦኤል 2፣ ማልሃምንም ሦስቱን ጫፎችም ይይዛል። ካቦቹ አንድ በአንድ ተስለውበታል፤ በጭጋግ ውስጥ «ሦስተኛውን ካብ ተሻግሬ ወደ ቀኝ» ማለት የምትችሉት በዚህ ነው። ስልክ ብቻ ይዞ መውጣት ስሕተት ነው፤ ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ብርዱም ባትሪ ይጨርሳል።

ሰዓት ለማስላት፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ሽቅቡ ሌላ አንድ ሰዓት። ታዋቂው የሦስቱ ጫፎች ዙር፣ ፔን ኢ ጌንት (694)፣ ዌርንሳይድ (736) እና ኢንግልቦሮ (723)፣ 39 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና ወደ 1,600 ሜትር የሚጠጋ ሽቅብ አለው። በዚህ ስሌት ያለ ዕረፍት ከአሥር ሰዓት ተኩል አያንስም፤ ልማዱ ደግሞ በ12 ሰዓት መጨረስ ነው። ለምሳና ለዕረፍት የሚተርፈው አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ሰው አንዱን ጫፍ ብቻ ይያዝ።

ባቡሩ ራሱ መታየት ያለበት ነው። የሰትል ካርላይል መስመር ከ1876 ጀምሮ መንገደኛ ያመላልሳል። ሪብልሄድ ላይ ያለው ድልድይ 24 ቅስት፣ 400 ሜትር ርዝመትና 32 ሜትር ከፍታ አለው። ቋሚዎቹን ቁጠሩ፤ በየስድስተኛው ወፍራም ነው። አንዱ ቢፈርስ ጥፋቱ ከስድስት ቅስት እንዳያልፍ ነው እንዲህ የተሠራው። ዴንት ጣቢያ ደግሞ 350 ሜትር ላይ ሆኖ በእንግሊዝ ዋና መስመር ከፍተኛው ነው።

አደጋው የሚመጣው ከሦስት ነገር ነው። እርጥብ የኖራ ድንጋይ ክፉኛ ያንሸራትታል፤ ግራይክ ውስጥ የገባ እግር ይሰበራል፤ አናቱ ከሸለቆው በጣም ይበርዳል፣ ነፋሱም ይጨምርበታል። ጂንስ ሱሪ እርጥበት ይዞ ስለሚያቀዘቅዝ አይለበስ። አደጋ ከደረሰ 999 ደውሎ ፖሊስ፣ ቀጥሎ የተራራ አደጋ አድን መጠየቅ ነው። ኔትወርክ ከሌለ በአንድ ደቂቃ ስድስት ጊዜ ፉጨት፣ አንድ ደቂቃ ዝምታ፣ እንደገና ስድስት።

ጌፒንግ ጊል የሚባለው ጥልቅ የዋሻ ጉድጓድ አፍ አጠገብ አትጠጉ፤ ጅረቱ 98 ሜትር ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ውስጡን ማየት የሚፈልግ በግንቦት መጨረሻና በነሐሴ የዋሻ ክለቦች ዊንች ሲተክሉ በወንበር ይወርዳል።

—

ማለዳ

ልጆች ይዞ ለሚሄድስ?

—

ካርታ ያዥ

ማልሃም ነዋ። ከመንደሩ ተነሥታችሁ በጃኔትስ ፎስ ፏፏቴ በኩል ወደ ጎርዴል ስካር ገደል፣ ከዚያ ዞራችሁ ወደ ኮቭ፤ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከልጅ ጋር ግማሽ ቀን። ጎርዴል ላይ በፏፏቴው በኩል መውጣቱን ተዉት፤ ከገደሉ አፍ ተመልሳችሁ በመንገዱ ዙሩ። ከኮቭ ጎን ወደ 400 የሚጠጋ የድንጋይ ደረጃ አለ፤ ንጣፉ ላይ ስትደርሱ የልጆቹን እጅ ያዙ፣ ከጠርዙም ራቁ። ውሻ ካለ፣ ክፍት በሆነው ተራራ ላይ ከመጋቢት 1 እስከ ሐምሌ 31 በፈረንጆቹ ቀን ከሁለት ሜትር በማይበልጥ ማሰሪያ መያዝ ግዴታ ነው፤ በግ አጠገብ ሁልጊዜ። በር ተዘግቶ ካገኛችሁት ዝጉት፣ ተከፍቶ ካገኛችሁት ተዉት፤ ገበሬው ለውሃ ሲል ከፍቶት ይሆናል። ካብ ላይ ግን ልጅም ቢሆን አይውጣ፤ ክዳኑ አንዴ ከወረደ የታቹ ይላላል።